ሺታ ሲገባ ከሞል ውጭ ምን አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ፣ ዴይራ ነው። የዕረፍት ቀኔ እሑድ ብቻ ናት። ሙቀቱን ሽሽት ሞል ለሞል ስንዞር ከረምን፤ አየሩ ሲቀዘቅዝም እግራችን ለምዶ እዚያው ይወስደናል። መኪና የማይጠይቅ፣ ኪስም የማይጎዳ ነገር የለም?

መልስ፦ አለ፤ ያውም በሐምሌ የማይታሰብ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ እኛ በጋ የምንለውን አረቦቹ ሺታ በሚሉበት ወቅት፣ የዱባይ ቀን 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ ደግሞ 15 ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ራስ አልኮር ይሂዱ። ክሪክ በሚባለው፣ ከባሕር ወደ ከተማው በሚገባው የውኃ ሰርጥ ዳር ከከተማው መሐል የተረፈ ረግረግ ሲሆን፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል። በብርዱ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍላሚንጎዎች ይሰፍሩበታል፤ የአብያታን ሐይቅ የጎበኘ ሰው ወፏን ወዲያው ይለያታል። ከመመልከቻ ጎጆዎቹ ሆኖ ለማየት ክፍያ የለውም፤ በሜትሮ አረንጓዴ መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ክሪክ፣ ሄደው ከዚያ ታክሲ ይያዙ። ሲመለሱ ግን መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ መጠበቅ ስለሚያደክም በስልክ ይዘዙ።

ብዙ ሰው “ሄጄ ምንም አላየሁም” የሚለው በሰዓቱ ምክንያት ነው። እኩለ ቀን ላይ ከጭቃው የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ በርቀት ማያ መነጽር ሲያዩ ወፏ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሮዝ ጨርቅ ትመስላለች። ጠዋት እንደተከፈተ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ማምሻውን ስለሚዘጋ ግን አይዘግዩ። የባሕሩን ሙላትና ሽሽት በስልክዎ ይመልከቱ፦ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ስለሚገለጥ ትናንሾቹ የውኃ ዳር ወፎች ለመልቀም ይወጣሉ። ጎጆው ውስጥ ቴሌስኮፕ ካገኙ የስልክዎን ካሜራ ከዓይን መስተዋቱ ጋር አጣብቀው፣ ዙሪያውን የሚታየው ጥቁር ቀለበት እስኪጠፋ ያቅርቡት። የርቀት ማያ መነጽር የሚገዙ ከሆነ 8x42 የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ከስምንት እጥፍ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል።

ሲጨርሱ ወደ ዴይራ ተመልሰው በጀንበር መጥለቂያ አብራ የምትባለውን ትንሽ ጀልባ ይሳፈሩ። በ1 ድርሃም ክሪኩን ተሻግሮ ቡር ዱባይ ያደርስዎታል፤ ዝርዝር ሳንቲም ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ አል ቁድራ በረሃ አድረን ቡና ልናፈላ አስበናል። አምና ድንኳናችንን ነፋስ ነቅሎብን ሌሊቱን መኪና ውስጥ ተኮማትረን አደርን።

መልስ፦ ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ ሳይሆን የካስማውም ነው። ከድንኳን ጋር የሚሸጠው ቀጭን ካስማ ለአፈር የተሠራ ስለሆነ ልል አሸዋ አይዘውም። ባዶ የሩዝ ከረጢቶች ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ገመድ አንድ። ከ4 እስከ 5 ኪሎ አሸዋ ሞልተው ወገባቸውን በገመዱ ይሰሩ፣ ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ቀብረው ረግጠው ይድፈኑት። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከቆመ ከረጢቱን ይነቅለዋል፤ ወደ መሬት አጋድመው ይወጥሩት። ሸማል የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ በሩን ወደ ደቡብ ምስራቅ ያዙሩት። የአሸዋ ክምር ጫፍ ላይ መትከል ለፎቶ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። የጣሪያውን መተንፈሻ አይዝጉ፤ በሺታ ሌሊት ጤዛ ከባድ ስለሆነ እስትንፋሳችሁ ጨርቁ ላይ ውኃ ሆኖ ሲንጠባጠብ ያድራል።

አሁን ወደ ቡናው። ጀበናው አሸዋ ላይ ስለሚንጋደድ ማቶቱን አይርሱ፤ ረከቦቱንም ከጣውላ ወይም ከትሪ ላይ ያኑሩት፣ አለበለዚያ ሲኒው ሁሉ አሸዋ ይሆናል። ነፋስ እሳቱን ወደ ጎን ስለሚገፋው ጀበናው ቶሎ አይፈላም፤ ማንደጃውን በመኪናው ከለላ ያስቀምጡት፣ ነገር ግን ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ወገን አይሁን። እሳት በቀጥታ አሸዋ ላይ አይንደድ፤ እግር ያለው ማንደጃ ይጠቀሙ። ፍሙንም በአሸዋ አልብሶ መሄድ ክፉ ልማድ ነው፦ ከሥር ለሰዓታት እንደጋለ ይቆይና በነጋታው ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ውኃ አፍስሰው፣ አማስለው፣ በቆርቆሮ ይዘውት ይመለሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ብርዱ ሲጠና ማንደጃውን ድንኳን ውስጥ ማስገባት ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ጋዙ አይቆምም። ለብርዱ ጋቢና ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ይብቃችሁ፤ ቅዝቃዜው በብዛት የሚመጣው ከአሸዋው ነው።

መኪናችሁ ተራ አውቶሞቢል ከሆነ ከጠጠሩ አይውረድ። ፎርዊል ድራይቭ ከሆነ ልል አሸዋ ከመግባቱ በፊት ጎማውን ወደ 15–18 ፒኤስአይ አስተንፍሱት፤ አስፋልት ስትወጡ መልሳችሁ ካልነፋችሁት በፍጥነት ሲሄድ ግሎ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ በጥር ባሕሩ አይበርድም? ዋናስ ማታ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ውኃው 22–23 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዋና ይመቻል፣ የሚያንቀጠቅጠው ሲወጡ ያለው ነፋስ ነው። የማታ ዋና የሚፈቀደው መብራትና ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለባቸው ዳርቻዎች ነው፤ ጁሜራ 2፣ ጁሜራ 3 እና ኡም ሱቀይም 1 ይገኙባቸዋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ውኃው የተረጋጋ ቢመስልም አይግቡ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥል ወደ ተራራማው የዱባይ አካባቢ ሀታ ሄዶ ሸለቆው ሲሞላ ማየት ያስደስታል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያስቀጣል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዝናብ ጊዜ በሸለቆና በግድብ አጠገብ መሰብሰብ 1,000 ድርሃምና 6 የቅጣት ነጥብ ነው፤ ወደሚጎርፍ ሸለቆ መንዳት 2,000 ድርሃም፣ 23 ነጥብና የ60 ቀን የመኪና እገዳ ያመጣል። ጎርፉም እርስዎ ካሉበት ሳይሆን ከተራራው ነው የሚነሣው፤ ከራስዎ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስብዎት ይችላል። ሀታን ለማየት ደረቅ ቀን ይምረጡ፤ የእግር መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው በቀለም ተለይተዋል፣ ለጀማሪ አረንጓዴው ይሆናል።