ለስቴንለስ ማኒፎልድ የቱ ፊኒሺንግ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

የስቴንለስ ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቧንቧ፣ በእጅ ለምትሠሩም ለምታሠሩም፣ ስለ ፊኒሺንግ (ስለ ገጹ አጨራረስ) የከበዳችሁን ጠይቁኝ። ብዙ ዓመት የበየድኩት ይኼንኑ ነው፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር አትርሱ፦ የብረቱን ቁጥር (እንደ 304 ያለ የስቴንለስ ዓይነት መለያ)፣ ሞተሩ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር የሚጨምር) እንዳለውና እንደሌለው፣ የምትፈልጉት መልኩን ይሁን ሙቀት መያዙን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ፊኒሺንግ የቱ ነው?

መልስ፦ ሦስቱን ነገር ንገረኝና እመልስልሃለሁ።

ጥያቄ፦ 304 ነው፣ ቱርቦ የለውም። እንደ መስታወት ማብረቅ እፈልጋለሁ። ይቆይልኛል?

መልስ፦ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አጠገብ አይቆይም። ወደ ማርሚታው እየራቀ በሄደ ቁጥር ይቆያል። ምክንያቱን ልንገርህ። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ቀለም ያወጣል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት እንደሚያሳየው ዓይነት ቀለም ነው። 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ገለባ ይመስላል። 400 ገደማ ቡናማ፣ 450 ላይ ወይን ጠጅ፣ 540 ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ በላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ደግሞ የጭሱ ሙቀት ከ800 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ መምጣቱ አይቀርም። ሰማያዊውንና ወርቃማውን ከወደድከው አብርቀው፣ በጣም ያምራል። ሁሌ ነጭ ሆኖ እንዲኖር ከሆነ የምትፈልገው፣ ድካምህ ከንቱ ነው።

ለማብረቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ ከዚያ 240፣ ከዚያ 400፣ በመጨረሻ የሚሽከረከር የጨርቅ ዲስክና ማብረቂያ ቅባት። በየደረጃው ያለፈውን ጭረት በሚያቋርጥ አቅጣጫ እሸው። ያለፈው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። የችኮላ ጭረት ካበረቅከው በኋላ ነው ጎልቶ የሚታየው። ደግሞም ተራ የብረት ሽቦ ብሩሽ አይንካው።

ጥያቄ፦ ውስጡን ባበርቀው ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ እሱን ሞተር የሚያስተካክል ሰው ጠይቅ። እኔ የማውቀው ብረቱን ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ያሠራሁት 304 ማኒፎልድ በሳምንቱ ቀይ ነጠብጣብ አወጣ። ስቴንለስ ይዝጋል እንዴ?

አንድ አባል፦ ማግኔት አስጠጋው። ከሳበው ስቴንለስ አይደለም፣ ተሸውደሃል።

ሌላ አባል፦ ይኼ ስህተት ነው። 409ን ማግኔት ይስበዋል፣ ግን 11 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ስቴንለስ ነው። ብዙ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው በእሱ ጭስ ማውጫ ነው።

አንድ አባል፦ እሱ ያለው 304 ነው። 304ን አይስበውም።

ሌላ አባል፦ የታጠፈበት ቦታ ላይ ሞክረው። ሲታጠፍ የብረቱ ውስጥ ይለወጣል፣ በመጠኑ ይስበዋል።

መልስ፦ ሁለተኛው ወንድማችን ልክ ነው። ማግኔት ብቻውን ዳኛ አይሆንም። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይኼ ነው።

ወዳጄ፣ የዛገው ማኒፎልድህ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዝገው ላዩ ላይ የተጣበቀ የተራ ብረት ብናኝ ነው። እኔም ደርሶብኛል። አራት ቧንቧ ያለው ማኒፎልድ በይጄ፣ የብየዳውን መስመር ጠረጴዛው ላይ ባገኘሁት ብሩሽ ጠረግኩት። ብሩሹ የተራ ብረት ነበር። ማኒፎልዱ ያደረው እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ስመለስ ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ቀጭን ቀይ መስመር ወጥቷል፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስል ነበር። ሌላው ቦታ ንጹሕ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስቴንለስ ብሩሽ፣ ዲስክና ብርጭቆ ወረቀት ለብቻ አስቀምጣለሁ። ተራ ብረት የፈጨ ዲስክ ስቴንለስ ላይ አይመለስም።

መፍትሔው ፓሲቬሽን ነው። መጀመሪያ ቅባቱን በደንብ እጠብ። ከዚያ ከ4 እስከ 10 በመቶ የሲትሪክ አሲድ ውህድ አዘጋጅ፤ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ከ49 እስከ 60 ዲግሪ አሙቀህ ቢያንስ 10 ደቂቃ ንከረው። በንጹሕ ውሃ አጥበህ አድርቀው። አሲዱ ብናኙን ያሟሟል፣ ሽፋኑም ራሱን ይጠግናል። ብየዳው ሲያሞቀው ብረቱ ላይ የወጣው ቀለም ግን በዚህ አይለቅም።

ጥያቄ፦ እሱን ቀለም ለማስለቀቅ ፒክሊንግ ፔስት ቤት ውስጥ ልጠቀም?

መልስ፦ አትጠቀሚ እህቴ። አብዛኛው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለው። በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝ ልብን ሊያቆም ይችላል። ልዩ ጓንት፣ የፊት መከላከያና ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ለሌለው ሰው አይደለም። ለሠለጠነ ባለሙያ ስጪው፣ ወይም በንጹሕ ብርጭቆ ወረቀት አስለቅቂው።

ጥያቄ፦ አሸዋ ብናስረጭበትስ? ደብዛዛ መልክ ነው የምወደው።

መልስ፦ የመስታወት ጠጠር ይሁን፣ ያውም አዲስ። ተራ ብረት የተጠረገበት ጠጠር ዝገቱን ይዞ ይመጣል። ደብዛዛ ገጽ ቅባትና የጣት አሻራ እንደሚይዝም እወቅ።

ጥያቄ፦ ቱርቦ አለው፣ 304 ነው። የኮፈኑን ሙቀት መቀነስ እፈልጋለሁ። የሴራሚክ ሽፋን ወይስ ቀለም?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! ሦስቱንም ነገርከኝ። የዱቄት ቀለም እርሳው፣ ይቃጠላል። ሙቀት ቻይ የሚባለው የሲሊኮን ቀለም አብዛኛው ከ600 እስከ 650 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል። ለቱርቦ ማኒፎልድ አይበቃም። የሚሆንህ ሴራሚክ ነው። ግን ስቴንለስ ሲሞቅ ከተራ ብረት በጣም ይበልጥ ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር የ304 ቧንቧ 800 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ሽፋኑ በየጉዞው ይኼን መከተል አለበት። ስለዚህ ወፍራም ይሻላል ብለህ አታስለብጠው፣ ወፍራሙ ይላጣል። ገጹም የሚያብረቀርቅ አይሁን፤ ሽፋኑ የሚይዝበት ሻካራ ነገር ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ላዩን ብቻ ስትሸፍነው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ብረቱ ራሱ ይበልጥ ይሞቃል። 304 ደጋግሞ እየሞቀ ለሚቀዘቅዝ ሥራ ጣሪያው 870 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲታኒየም የተጨመረበት 321 ከተበየደ በኋላ ሙቀትን በተሻለ ይችላል። ገና ካልተሠራ ብረቱን ቀይረው። ከተሠራ ውስጡንም አስለብጥ።

ጥያቄ፦ በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ብጠቀልለውስ?

መልስ፦ ከጠቀለልከው የላዩ ፊኒሺንግ አይታይም። እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱንም ያሞቀዋል። እኔ አልመክርም።

አንድ አባል፦ እኔ ጠቅልዬ ሁለት ዓመት ነዳሁ፣ ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ የኔ ብየዳው ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ። ፈትቼ ሳየው ውስጡ በላብ የታጠበ ይመስላል።

አንድ አባል፦ ብየዳህ ደካማ ይሆናላ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። ብረቱና ሙቀቱ ሳይታወቅ ክርክሩ አያልቅም፣ እዚህ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ከቀለሙ በፊት ዚንክ ያለው ፕራይመር ብቀባ ዝገት አይከላከልም?

መልስ፦ በፍጹም! ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል። የቀለጠ ዚንክ የጋለ ስቴንለስ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ጋልቫናይዝድ ብሎንና ማያያዣም እንዳይነካው።

ጥያቄ፦ ለማኒፎልድ ምርጡ ፊኒሺንግ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይኼ ከላይ ተጠይቋል። የብረቱን ቁጥር፣ ቱርቦውን፣ ፍላጎትህን ጻፍ። ያለዚያ የምሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው፣ በግምት ደግሞ የሰው ሥራ አላበላሽም።

ጥያቄ፦ አብርቄ ጨርሻለሁ፣ ነገ ሞተር ላይ እገጥመዋለሁ። የቀረኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። የጣትህ አሻራ። በላብህ ውስጥ ጨውና ቅባት አለ፤ ሞተሩ ሲነሣ አሻራው ብረቱ ላይ ይጠበሳል። ከዚያ በኋላ በጨርቅ አይለቅም፣ እንደገና ማብረቅ ነው። በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን ሁለት ጊዜ ጥረገው፣ ሁለተኛውን ጊዜ በአዲስ ጨርቅ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ አትጠቀም፤ የብየዳ ነበልባል ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ይሆናል። አሴቶኑ ተኖ እስኪያልቅ ጠብቅ። ስትገጥም ጓንት አድርግ። ብሎኑን አጥብቀህ ስትጨርስ ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት አንድ ጊዜ ደግመህ ጥረገው። ከሥር በኩል የያዝክበትን ቦታ አትርሳ፣ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።