ዕድሜውን ሳይሆን የተወለደበትን ዓመት ይወስኑ

ከቡሬ የጻፉት እህታችን የጠየቁት ይህን ነው፦ ሁለት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን አሳትመው ሦስተኛውን ሲጀምሩ፣ መርማሪው ከእርሳቸው ጋር ዕድሜው ይጨምር ወይስ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ይቆይ? በሁለቱ መጻሕፍት የተጠቀሰው ዕድሜም እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ጨምረው ነግረውናል። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ መርማሪ ላይ ሰባት መጻሕፍት ስለጻፍሁ፣ አብዛኛውን ከስሕተቴ የተማርሁትን ላካፍልዎ።

ያስረጁት ባይ ነኝ። ነገር ግን ዕድሜውን በቁጥር አይጻፉ፤ የተወለደበትን ዓመት ብቻ ወስነው ይያዙ። የእኔ ሰው የተወለደው በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀበት ዓመት ነው፤ እናቱም ዕድሜውን ስትጠየቅ የምትቆጥረው ከዚያ ተነሥታ ነው። እኔም የዚያው ዓመት ልጅ ነኝና ሒሳቡ ቀሎኛል፤ ታሪኩ በ1990 ከሆነ ሠላሳ፣ በ2010 ከሆነ ሃምሳ ዓመታችን ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ መርማሪዋን ፖይሮን እ.ኤ.አ. በ1920 ከአንባቢ ጋር ስታስተዋውቀው ከቤልጂግ ፖሊስ ጡረታ የወጣ ሰው አድርጋ ስለነበር፣ የመጨረሻ ታሪኩ በ1975 ሲታተም ዓመቱ በትክክል ቢቆጠር ኖሮ መቶን ባለፈ ነበር፤ እርሷም አሸምግላ መጀመሯን ስሕተት ብላዋለች። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ኢያን ራንኪን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ መርማሪውን ሬበስን ከዘመኑ ጋር እኩል ስላስኬደው፣ በ2007 ስልሳ ሲሞላው ጡረታ ሊያስወጣው ግድ ሆነበት። ከሁለቱ ችግር የኋለኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ጡረታ ራሱ ታሪክ ነው።

እኔን ያሳፈረኝ ግን መርማሪው አልነበረም። በመጀመሪያው መጽሐፌ አረቄ የምትቸረችር አንዲት ሴት አለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው ካልሁ በኋላ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት ወጣት ድፍረት፣ ወገቧን አጎብጬ፣ ጥርሷን አርግፌ፣ በምርኩዝ አስሄድኋት። በሰባተኛው መጽሐፍ ሰባ ሰባት ሞልቷት ስትመለስ ከዚያ በላይ ምን ላድርጋት? እኔ ራሴ ሃምሳ አምስት ደርሼ ያለ ምርኩዝ ገበያ እወጣ ነበርና፣ የድሮውን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር ሴትዮዋን ይቅርታ መጠየቅ ያምረኛል። በመጨረሻ ያደረግሁት፣ ያን ጊዜ ታማ እንደነበር መርማሪው እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። ስለዚህ ወጣት ሳሉ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሲስሉ እጅዎን ቆጠብ ያድርጉ፤ መርማሪውን አንባቢ ሁሉ ይጠብቀዋል፣ የሚያመልጠን የጎረቤቱ፣ የልጁና የአለቃው ዕድሜ ነው።

ለዚህ አንድ ባለ መስመር ደብተር ይያዙ። የእኔ ደብተር ለእያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን ዓመት፣ በየትኛው መጽሐፍ ገጽ ስንት ላይ ስለ ዕድሜው ምን እንደተባለ ይዟል፤ በጀርባው ደግሞ በየዓመቱ አገሩ ላይ የተለወጠው ነገር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይህን የጀመርሁት በ2003 የሚሆን ታሪክ ስጽፍ አውቶቡሱን በዓባይ በረሃ በአሮጌው ድልድይ ካሻገርሁት በኋላ ነው። አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ያን ጊዜ ሥራ ከጀመረ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት ስለነበር፣ አንድ የደጀን አንባቢ ሹፌሩን ለምን እንዳደከምሁት ጠየቀኝ።

ሕጉም ይለወጣል። መርማሪዬ በመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጠቅሰው የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ወዲህ ግን የወንጀል ሕጉን መጥቀስ አለበት፤ በፊተኛው አንቀጽ 522 የነበረው ከባድ ግድያ በኋለኛው 539 ሆኗልና። ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው፣ ማለትም ክስ ሊቀርብበት የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ 25 ዓመት ነው። በልብ ወለዴ፣ በ1990 አንድ ነጋዴ ከዓባይ በረሃ ገደል ወድቆ ተገኘ፤ ሁሉም አዳልጦት ነው አለ፤ የሠላሳ ዓመቱ መርማሪ ጠረጠረና ዝም አለ። ሰባተኛው መጽሐፍ የዚያ ዝምታ 25ኛ ዓመት ነው፤ ገዳዩ ቤቱ ተቀምጦ ቀን ይቆጥራል፣ መርማሪውም በሌላ በኩል ይቆጥራል። ሰውዬው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ቆሞ ቢቀር ኖሮ ይህን ታሪክ ከየት አመጣው ነበር? አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የምርመራ እርምጃ ይርጋውን ስለሚያቋርጥ፣ ያን ጊዜ መዝገብ ተከፍቶ ነበር ብለው ከጻፉ ቆጠራው ይበላሽብዎታል። እኔን ከዚህ ያዳነኝ ረቂቁን ያነበበልኝ የሕግ ባለሙያ ጎረቤቴ ነው።

ስለ አካሉ ብዙ አልልም። ጉልበቴ ሲታመም ጉልበቱን አሳመምሁት፤ ተጠርጣሪን ቁልቁለት ለቁልቁለት ማሳደድ ሲያቅተው ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ጥግ ይዞ የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ጀመረ፤ መጽሐፉም ተሻሻለ። መዘንጋቱን ግን በጥንቃቄ ይያዙት። ሽማግሌው መርማሪ ስም ቢጠፋው ያምርበታል፤ ዋናውን ፍንጭ ከአንባቢ ለመደበቅ ሲባል ቢረሳው ግን ማጭበርበር ነው።

አሁን ወደ ተጋጨው ዕድሜ ልመለስ። እናቱ የምትለው፣ መታወቂያው የሚለውና የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር የሚለው ዕድሜ አንድ የሆነለት ሰው በእኛ አገር ስንት ነው? እኔም በአራተኛው መጽሐፍ ሦስት ዓመት ስቼ ነበር፤ በአምስተኛው መርማሪው መታወቂያ ሊያሳድስ ቀበሌ ሄዶ፣ ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ «የቱን ልጻፍልዎ?» ስትለው፣ ስሕተቴ በግማሽ ገጽ ተቃና። እርስዎም በሦስተኛው መጽሐፍ እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግን፣ ሁለተኛውን ጊዜ አንባቢ ያውቅብዎታል።