ኮርኒሱ ላይ ማን ነው የሚጨፍረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ቤታችን የባለቤቴ አባት የሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ከመስከረም ወዲህ አይጥ ነገሠብን። ማታ መብራት ስናጠፋ ኮርኒሱ ላይ ሰርግ ቤት ነው። የጤፉን ማዳበሪያ ከታች ቀደውታል። ለዒድ ያስቀመጥኩት ሻርፕ ጠርዙ ተበልቷል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጎረቤት ጠርቼ ቡና ሳፈላ፣ ቶናው ላይ እንደደረስን አንዷ በረከቦቱ ሥር ሽው ብላ አለፈች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ባለቤቴ በድምፅ ማጉያ እያስጮኸ ከሚዞረው ሰው የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጥቷል። እኔ ግን ገና የሚድህ ልጅ አለኝ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ስለፈራሁ ቁምሳጥን ላይ ሰቅየዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። መርዙ እዚያው ከፍ ያለው ቦታ ይቆይ፣ እንዲያውም ይቆለፍበት። ባለቤትሽ ሲመቸው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቅ። ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ እንዳትጥሉት። የደሴ ወንዝ ቦርከና ነው፣ ቦርከና ደግሞ ታች ስንት ከብት የሚጠጣው ውሃ ነው።

ይህን የምልሽ ተምሬ አይደለም፣ ደንግጬ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እኔም ከገበያ ስም የሌለው ጥቁር ዱቄት ገዝቼ ነበር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነገር ነው። በሊጥ ለወስኩና ስኒ ላይ አድርጌ ጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቀልኩት። ልጅ አይደርስበት፣ ዶሮ አይደርስበት፣ ብልሃተኛ ነኝ ብዬ ተኛሁ። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሽንብራ ሰፌድ ላይ አድርጋ ስትለቅም አንዲት ጥቁር እንክብል አነሳችና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች። አይጢቱ ሊጡን ከስኒው አንስታ አግዳሚው ላይ ስትሮጥ ጥላዋለች። ሰፌዱ ደግሞ ልክ ከሥሩ ነበር። ትንሹ ልጄ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ጥሬ ይቆረጥማል። እጁን ጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስፈለቅቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መዳፉ ውስጥ አራት ሽንብራ ብቻ ነበር። እናቴ ያን ሁሉ ሽንብራ ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

ያ ዱቄት ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ ኮምቦልቻ እህል መጋዘን ገብቼ ስሠራ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ ይባላል። ሆድ ውስጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ማርከሻ የለውም። ሌላው ዓይነት ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ፍሬ ነው። እሱ ደም እንዳይረጋ አድርጎ በቀናት ውስጥ የሚገድል ነው። ሐኪም ቤት ማርከሻ አለው፣ ቪታሚን ኬ። ግን ቀለሙ ከረሜላ ይመስላል፣ የልጅ ዓይን ይጠራል። እንግዲህ በጋዜጣ የተጠቀለለው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ በምን ይወቅ? ክፉ አይንካብሽ እንጂ፣ ልጅ አፉ ውስጥ አስገባ ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ። አታስመልሺው። ወተት አጠጥቼ ልይ አትበይ። ከነመጠቅለያው ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

አንድ የባሰ አለ። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጨመረውን ኪኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ሰው አይቻለሁ። እርጥበት ሲያገኘው የሚወጣው ጋዝ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ሰው የተኛበት ክፍል ይገባል። ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት ውስጥ በጭራሽ!

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጋዘን ውስጥ 26 ዓመት ቁልፍ ይዤ ኖሬያለሁ። አይጥን ያሸነፍኩት በመግደል አይደለም፣ በማስራብና በር በመዝጋት ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከምድጃ የወጣ ደቃቅ አመድ በግድግዳው ሥር ሥር ነስንሺ። ስስ አድርገሽ። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ባትሪ ይዘሽ እዪው። ዱካው መንገዱን ይነግርሻል። አይጥ መሐል ሜዳ መሮጥ አይወድም፣ ጎኑን ከግድግዳ አስጠግቶ ነው የሚሄደው። ብዙም አይርቅም። ምግብ ካገኘ ከጎሬው ከሦስት እስከ አሥር ሜትር ባለው ውስጥ ነው ኑሮው። ስለዚህ ጤፉ ጋ ዱካ ካየሽ ጎሬው እዚያው ቅርብ ነው። ኩሱንም እዪ። ከሩዝ ፍሬ ያነሰና ጫፉ የሾለ ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። የተምር ፍሬ ካከለ ትልቁ አይጥ ነው፣ የእሱ ነገር ሌላ ነው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የአንቺዎቹ ትንንሾቹ ናቸው።

ቀጥሎ እህሉ። እኛ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳም አይጠጋም። ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። አይጥ ተደብቆ የሚበላበት ጥግ እንዳያገኝ ነው። አንቺም ጤፉን ከማዳበሪያ አውጥተሽ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ክተቺው። በርሜል ውድ ነው ካልሽ ሁለት ጎረቤት ተካፍሎ ይገዛል። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ስኳሩን በባዶ የዘይት ጀሪካን አድርጊው፣ ክዳኑ ጥብቅ ይበል። መሶቡ ማታ ማታ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ከእራት በኋላ ፍርፋሪው ይጠረግ። የዶሮ ጥሬ ካለ ማታ አይደር።

ባለቤትሽ «ያቺ ሚጢጢ ምን ትበላለች?» ቢልሽ ሒሳቡን ንገሪው። አንዲት የቤት አይጥ በቀን ሦስት ግራም ያህል ነው የምትበላው። አሥር ቢሆኑ በወር ኪሎ አይሞላም። ጉዳቱ እሱ አይደለም። አንዷ በቀን ከ50 በላይ ኩስ ትጥላለች። በየሄደችበት ትሸናለች። በልታ የማትጨርሰውን ታበላሻለች። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ስሙን ያገኘው ድሃ ሀብታም ሳይጠየፍ አብሮ ስለሚበላበት ነው ይባላል። እኔ መጋዘን ውስጥ «አይጥም አይጠየፍ ነው» እያልኩ እቀልድ ነበር። ሳሙና ይበላል፣ ሻማ ይበላል፣ ሻርፕሽንም በላ። ሻርፑን እንኳ ለጎሬው ምንጣፍ ነው የወሰደው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ባይርበውም ይከረትፋል።

እህሉ ከተነሳ በኋላ ወጥመድ። ጣውላ ላይ የተሠራችው የሽቦ ወጥመድ እስካሁን የሚስተካከላት አላገኘሁም። ሰው የሚሳሳተው አንድ ገዝቶ ክፍሉ መሐል ማስቀመጡ ላይ ነው። ስድስት ሰባት ግዢ። ዱካ ባየሽበት ሁሉ፣ በየሁለት ሦስት ሜትሩ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርገሽ አስቀምጪ። በግድግዳው ሥር የሚመጣው አይጥ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ምግቡ ብዙ አይሁን፣ ሽንብራ የምታክል ትበቃለች። አይብ ይወዳል የሚባለውን ተይው። የተወቀጠ ኦቾሎኒ በትንሽ ቅቤ ለውሰሽ በክር እሰሪው፣ ላፍ አድርጎ እንዳይሄድ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሳትወጥሪው ተይው፣ ይላመዱት። በሁለተኛው ማታ ወጥሪ። ለሚድኸው ልጅሽ እጅ ስትይ ወጥመዱን ከጎንና ጎን በተቀደደ ሣጥን ውስጥ አድርጊው፣ ጠዋት ጠዋትም አንሺው።

አሁን ቀዳዳው። ይኸኛው ነው ሥራው፣ ቅዳሜና እሑድ ይፈጃል። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ግልገል አይጥ ያስገባል። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ገላዋ ይከተላል። በጭቃ ቤት ሦስት ቦታ እዪ። የግድግዳውና የቆርቆሮው መጋጠሚያ፣ የበሩ ሥር፣ የመብራት ሽቦና የውሃ ቱቦ የሚገባበት። ጭቃ ብቻ መርገሽ ብትሄጂ በማግሥቱ ይቦረቡሩታል። መጀመሪያ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጥቅጥቅ አድርገሽ ጠቅጥቂበት፣ ከላዩ ሲሚንቶ የገባበት ጭቃ ምረጊው። ሽቦውን መንከስ አይወዱም። የበሩን ሥር ከውጭ በቆርቆሮ ቁራጭ ምቱት። ኮርኒሱን ደግሞ አንድ ጥግ ፈትታችሁ ወጥመድ ላዩ ላይ አስቀምጡ። ሰርጉ እዚያ ነውና።

ኅዳር 12 እየመጣ ነው። ኅዳር ሲታጠን፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ግን ጓሮ ያለው የጭራሮና የገለባ ክምር ሲነሳ ውስጡ የነበረው አይጥ የት ይሄዳል? አንቺ ቤት ነዋ! ስለዚህ ቀዳዳው ከዚያ ቀን በፊት ይደፈን። ጊዜ የለሽም። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ነው፣ በአንዴ ከአምስት እስከ ስምንት ትወልዳለች፣ ግልገሎቹም በስድስት ሳምንት ይደርሳሉ። መስከረም መባቻ የተወለዱት ኅዳር ላይ ራሳቸው እናት ናቸው።

ኩሱን ስታጸጂ ደረቁን እንዳትጠርጊው፣ አቧራው ወደ አፍንጫ ይገባል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ አርከፍክፊበት፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ አንሺው። ጓንት ከሌለሽ እጅሽን ፌስታል አልብሺ። መስኮትና በር ይከፈት። የሞተውንም እንዲሁ አንስተሽ ቅበሪ።

ለጎረቤቶችሽ ደግሞ አትፈሪ። ቶና ላይ ሳቁብሽ? የእነሱም ኮርኒስ ያው ማዳበሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ብቻዬን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ እያወጣ አይጥ ያባርራል የተባለ ዕቃ ገዛሁ። ሁለት ቀን ጠፉ፣ ከዚያ ተመለሱ። ተበላሽቶብኝ ይሆን?
ወንደላጤው

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ለምደውት ነው። አዲስ ድምፅ ለጊዜው ያስደነግጣቸዋል፣ ጉዳት እንደሌለው ሲያዩ ይመለሳሉ። ግድግዳና ዕቃም ድምፁን ይጋርደዋል። ገንዘብህ ሄዷል፣ እርሳው። ይልቅ ልጠይቅህ። የትናንት ማታ ሰሃን ታጥቧል? አልጋህ ሥር የዳቦ ፌስታል የለም? እኔም ወንደላጤ ሆኜ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፈው፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ድመት አለችኝ፣ አይጥ በፊቷ ሲያልፍ ዝም ብላ ታያለች። እንዳበላት ነው የጠገበች ይላሉ። ላስርባት?
አንዲት እናት

መልስ፦ እናቴ፣ አንቱ አያስርቧት። ድመት ጠግባም ታድናለች፣ ደመ ነፍሷ ነው። የተራበች እንዲያውም ከሰው ማጀት ትሰርቃለች። አያያዙን ግን ከእናቷ ነው የምትማረው። ያለ እናት ያደገች ከሆነች ቶሎ አይገባት ይሆናል። ለሚቀጥለው፣ እናቷ አዳኝ የሆነች ግልገል ይፈልጉ፣ ከእናቷም ቶሎ አይለዩዋት። ደግሞ አዳኝ ድመት ብትኖርም ሁሉን አትጨርስም፣ ከላይ ለደሴዋ እህት ያልኩት የቀዳዳውና የእህሉ ነገር ለአንቱም ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ጎረቤት መርዝ አድርጎ እንደሆነ ያስጠይቁ። መርዝ የበላ አይጥ ይደነዝዛል፣ ይሄኔ ያቺ የማታድነው ድመት እንኳ ትይዘዋለች፣ በልታውም ልትሞት ትችላለች። አድርገው ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ቤት ውስጥ ይዝጉባት።