የቀለም ዱቄቱ፣ ወተቱና የልጅዎ ሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በጥምቀት ሰሞን ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ሰው እየሮጠ የቀለም ዱቄት የሚረጫጭበት ዝግጅት አድርገን ነበር። በጣም ስለተወደደ በዓመት አራት ጊዜ ልናደርገው አስበናል፤ በመስቀል ዋዜማ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ በጥምቀት ሰሞንና ከፋሲካ በኋላ። ለጤና የሚስማማው የትኛው ወር ነው? በነገራችን ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፤ ሦስት ሳምንት ሆናት። ዱቄቱን እንዲያጥብላት በየቀኑ ወተት እሰጣታለሁ፤ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም ጀምሬላታለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ዋናውን ጥያቄ «በነገራችን ላይ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል አደረጉት። የሚያስጨንቅዎ የወሩ ምርጫ አይመስለኝም። «በገዛ እጄ የልጄን ሳንባ ቀለም ቀባሁት ይሆን?» የሚለው ነው።

አልቀቡትም። ይህ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ስታርችና የምግብ ቀለም ነው። ሻካራው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የደቀቀው ወደ ውስጥ ቢዘልቅም በአየር ቧንቧዎች ላይ ያለው ስስ ፀጉር ከአክታ ጋር ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። በማግስቱ ንፍጧ ሐምራዊ ሆኖ አይተው ከሆነ መውጣቱን ነው ያዩት። ሦስት ሳምንት የቆየው ሳል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሩጫ፣ የጥር ብርድና ብናኝ አንድ ላይ ሲመጡ ተኝቶ የነበረ አስም ይቀሰቀሳል፤ የሌሊት ሳልም የአስም ጠባይ ነው። ዱቄቱ ቀሰቀሰው እንጂ አልፈጠረውም ብዬ እጠረጥራለሁ። አስም ደግሞ በመድኃኒት የሚገራ በሽታ ነው።

ወደ ወተቱ ልምጣ። ጋራዥ የሚሠራው፣ ሲሚንቶ የሚያራግፈው፣ ቀለም የሚቀባው ሁሉ «ወተት ያጥበዋል» ይላል። አንድ ጊዜ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቅንድቡ በዱቄት እንደነጣ ክፍሌ ገባ። ዓመታት ያስለዋል። አፍና አፍንጫህን ትሸፍናለህ ወይ ስለው «ኧረ ዶክተር፣ ወተት አቋርጬ አላውቅም» አለኝ። ግማሽ ሊትር በየቀኑ! በዚያ ገንዘብ ስንት ጭምብል ይገዛ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጉሮሯችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። ስንውጥ የሳንባው በር ይዘጋል። ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ዱቄቱ ያለው ሳንባ ነው፤ በምን ይገናኙ? ከተገናኙማ ትን ብሎን እየታነቅን ነው ማለት ነው። ልጅዎ ወተቱን ትጠጣ፣ አጥንቷ ይጠነክራል፤ ያውም በደንብ አፍልተው። ወተት ሞልቶ በተረፈበት አገር ይህን መናገር እንደማያስወድደኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሳንባ አያጥብም። ያጥባል ብለው ሲጠብቁ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ የማዝነው በዚህ ነው።

የተረፈው አሞክሳሲሊንስ? ማን ጀምሮ ያቋረጠው ነው? ለልጅዎ ክብደት ስንት ሚሊግራም እንደሚገባ ማን ነገረዎት? አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ አስም ከሆነ ምንም አይሠራላትም። ነገ ጠዋት የመድኃኒቱን ሽፋን ይዘው ልጅቷን ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ስለሆነ ስለ ሳንባ ነቀርሳም ይጠይቁዎታል፤ አይደንግጡ፣ ደንብ ነው። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ጠዋትን አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዷት።

አሁን ወደ ወራቱ። የመስቀል ዋዜማን ይሰርዙ። ስታርች አየር ላይ ሲበተን እንደ ጋዝ ይቀጣጠላል፤ እርስዎ ደግሞ ደመራና ችቦ ባለበት ምሽት ሊበትኑት ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ታይዋን ውስጥ መዝናኛ ቦታ ላይ የተረጨ የቀለም ዱቄት ተቀጣጥሎ 15 ሰዎች ሞተዋል፣ ወደ 500 የሚጠጉ ተጎድተዋል። ሲጋራም፣ ርችትም፣ የጋለ የመድረክ መብራትም አጠገቡ አይድረስ። ኅዳርና ጥር የደብረ ብርሃን ውርጭ አለ፤ ማድረግዎ ካልቀረ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት አይጀምሩ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ይሻለኛል፤ የበልግ ካፊያ አፈሩን ካረጠበው አቧራው ይቀንሳል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ዱቄት አይግዙ፤ ሰው ፊት ላይ መበተንም ይከልክሉ። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።

ልጅዎ በሚቀጥለው ትገኝ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እሷ ግን መጠየቋ አይቀርም። ሐኪሙ አይቷት ሳሏ ከቆመ ትገኝ። ዱቄቱ ከሚበተንበት ራቅ ብላ፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ትቁም። ፓፍ (በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ከታዘዘላት የራሷ ፓፍ በእርስዎ ኪስ ይሁን፤ የጎረቤት አይሁን።