ሳልፈታው የቀረው ፌስታል

ባለፈው ሳምንት፣ ፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ ሳይንስ) ከማስተምራቸው አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ «ጋሼ፣ ደም መመርመር ከቻልን አይበቃም? ከሕግ ተማሪ ጋር ለምን ትመድቡናላችሁ?» አለችኝ። የፎረንሲክ ፈር ቀዳጅ የሆነው ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ላቦራቶሪውን ሲከፍት ሕክምናም ሕግም የተማረ ሰው እንደነበር ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በፎረንሲክ ላቦራቶሪ ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አርብ ከሰዓት አንድ የፖሊስ መርማሪ ኤግዚቢት፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ፣ አመጣ። በደም የራሰ ሸሚዝ ነው። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከቶ አፉን ጥብቅ አድርጎ ቋጥሮታል። ፈርሜ ተረከብኩና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ ስፈታው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ኮሌታው ሻግቷል። እርጥብ ደም ታፍኖ ሲቀመጥ ባክቴሪያ ይራባበታል። ያኔ የደም ዓይነቱን መለየት አቃተን፤ ዛሬም ቢሆን ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ጥላ ውስጥ ደርቆ የወረቀት ከረጢት ውስጥ መግባት ነበረበት። ይህን አውቅ ነበር። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ግን ማሸግ የፖሊስ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት። እሱም የቀረው የላቦራቶሪ ነው ብሎ ሄዷል።

የሟች እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። «ልጄ፣ ተገኘ እንዴ?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እሳቸው ይመጡብኛል።

ጓንት አድርጉ፣ ሰዓት መዝግቡ አልላችሁም። ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ግን ሁሉን በስልክ አንስታችሁ ማስታወሻ አትይዙም፤ ይህ ያናድደኛል። ፎቶ ሽታ አይዝም። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ቋጠሮውን ስረከብ አነሳው ነበር።

አንድ ዓመት ከቄራ የበሬ ደም አምጥቼ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩ። አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ በጥጥ ነካች፣ ደም መኖሩን የሚጠቁመውን የፌኖልፍታሊን መመርመሪያ ጠብ አደረገች፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨመረች። ጥጡ ሮዝ ሆነ። «ደም ነው» አለች። አብሯት የተመደበው የሕግ ተማሪ በመስቀለኛ ጥያቄ ያዛት። «ሌላ ነገርስ ሮዝ አያደርገውም?» ጥሬ ድንች ቆርጠን ሞከርን። እሱም ሮዝ አወጣ። ልጅቷ ማስታወሻዋ ላይ «ደም ነው» የሚለውን ሰርዛ «ደም ሊሆን ይችላል» ብላ ጻፈች። እኔ አምስት ጊዜ ነግሬያት አልገባትም ነበር።

ትናንት ለዚያች ጠያቂ ቡድን እርጥብ ሸሚዝ በፌስታል ቋጥሬ ሰጠሁ። ምንም አላልኩም። ቀድሞ የፈታው የሕጉ ተማሪ ነው። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት አነጠፈና ወደ እሷ ዞሮ «የት ነው የምናሰጣው?» አላት።