ቢቱን ዝጉትና ከክራሩ ተነሱ

«ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ክራር እደረድራለሁ። ደሴ ካለ ራፐር ጓደኛዬ ጋር አንድ ዘፈን ጀምረናል። የሰርግ ባንዳችን ልጆች ግን ‹ባህሉን አበላሸኸው› ይሉኛል። አንዱን ልምረጥ? ሥራዬንስ ልልቀቅ?» ብለህ ጽፈህልኛል።

አብሽር ወንድሜ። ሥራህን አሁን አትልቀቅ። ደሞዝ ያለው ሙዚቀኛ ያላመነበትን ሥራ እምቢ ማለት ይችላል።

አንዱን ምረጥ ግን አልልህም። ሙላቱ አስታጥቄን አስበው። ብሪታንያ የሄደው ምህንድስና ሊማር ነበር። ለንደን ላይ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር ቅኝታችንን፣ ዜማችን የሚሠራበትን የድምፅ ስልት፣ አልጣለም። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይዞ የጃዝ ኮርድና የላቲን ምት ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ከለንደኑ ባንድ ከሄሊኦሴንትሪክስ ጋር አልበም ሲያወጣ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር። ያን ያህል ርቆ ሄዶም ሙዚቃው ሲሰማ የኛ ነው።

አንተ ደግሞ የምትኖርበትን አገር ተመልከት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የጎረቤቶችህ ስም ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ክፈትና ክራርህን ይዘህ ተከተላት። አንድ ጊዜ አይበቃም። ድምጿን የምትጎትትበትን ቦታ ጣትህ እስኪያውቀው ድረስ ተጫወተው።

የላክልኝን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት። መግቢያው ላይ ክራሩ ብቻውን በአምባሰል ሲመጣ ልብ ይነካል። ራፑ ሲጀምር ግን ይበላሻል። ቢቱ፣ ራፑ የሚባልበት የተቀናበረው ሙዚቃ፣ ውስጥ ያለው ኪቦርድ አምባሰል ውስጥ የሌለ ድምፅ ይመታል፤ አንተ ደግሞ እሱን ልትከተል ስትል ቅኝትህን ትለቃለህ። የባንዳችሁ ልጆችም የሰሙት ይሄን ይመስለኛል። ራፑ ምንም ጥፋት የለበትም። ያለቀ ቢት ላይ ክራር ስለለጠፋችሁ ነው። ጓደኛህን አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ጥራው። ኪቦርዱን ዝጉት። አንተ አምባሰልህን ደርድር፣ እሱ ጠረጴዛ እየመታ ግጥሙን ይበል። ቢቱ ከዚያ በኋላ ይሠራ።

አንድ ነገር አደራ። ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ፈርሙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በጋራ የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱም የጋራ ነው። ማን ምን እንደሠራ ካልተጻፈ ግን ማስረዳቱ ፈተና ነው። አብሮ አደግ የሆኑ ሁለት ልጆች ፊቴ ተቀምጠው ሲጣሉ አይቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ የወጣው የአንዱ ስም ብቻ ነበር። ገንዘቡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ያቃጠላቸው ስሙ ነው። እስካሁን ስማቸው በልቤ አለ፤ ጥሩ ይጫወቱ ነበር።

ሰርጉንም አትተው። ሰው ሲጨፍር እያየህ መጫወት ትልቅ ትምህርት ነው።

አዲሱን ቅጂ ስትጨርሱ ላክልኝ። ክራሩ ብቻውን የሚገባበትን መግቢያ ግን እንዳትቆርጡት።