«እንባ ጠባቂ ጋር ብሄድ ቂም ይያዝብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የቤታችንን ካርታ በስሜ ለማዞር፣ ፍርድ ቤት የሰጠኝን የወራሽነት ማስረጃ ይዤ አመለከትኩ። መሥሪያ ቤቱ «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ሌላ ቀን ነይ» እያለ ያመላልሰኛል። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ላመልክት ስል ጎረቤቶቼ «እነሱም የመንግሥት ናቸው። ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ቂም ነው የምታተርፊው» አሉኝ። ምን ይሻለኛል?
(ከአንድ የክልል ከተማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። «ፋይሉ ጠፍቷል» ሁልጊዜ የሚባለው በአፍ ነው። ባለጉዳዩ «እንግዲያው በጽሑፍ ስጡኝ» ሲል ፍለጋው ይጀመራል። ጠፋ ብሎ የፈረመ ይጠየቅበታላ! ስለዚህ መጀመሪያ ቅሬታሽን ለኃላፊው በጽሑፍ አስገቢ። አንቺ ጋር በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግልሽ። ያለዚያ ከቢሮው አትውጪ።

ጎረቤቶችሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። እንባ ጠባቂ ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ሲቋቋም የተሰጠው ሥልጣን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ ነው። እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም። ይህ እኔንም ያበሳጨኛል፤ የመፍትሔ ሐሳቡን መሳቢያ ውስጥ የሚከት ኃላፊ አይጠፋም። «የመንግሥት ናቸው» የሚለውን ግን አልቀበልም። የተቋሙ ተጠሪነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቺን የሚያመላልስሽ ኃላፊ መርማሪውን አያዘውም። መርማሪው ግን ሰነድ አምጣ፣ መልስ ስጥ ሊለው ይችላል።

ቂሙን መፍራትሽ ይገባኛል። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ከውጭ የሚጠየቅበት ፋይል ላይ ሁሉም ሰው እጁን ይሰበስባል። የሚጉላላው ጠያቂ የሌለው ነው። ቡና ላይ ሁላችንም እናማርራለን፤ ፈርሙ ስንባል ግን እንበተናለን። ይሄ ልማዳችን ያንገበግበኛል። እዚያ ወረፋ ላይ ፋይሉ «የጠፋበት» ሌላ ሰው አታጪምና አነጋግሪያቸው፤ አብራችሁ አመልክቱ።

ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ እንባ ጠባቂ አያይም። ያንቺ ግን ውሳኔ ያገኘ ስለሆነ አያግድሽም። ማመልከት በነፃ ነው፤ መጻፍ ቢያስቸግርሽ በቃልም ይቀበሉሻል። ባሕር ዳርንና ሐዋሳን በመሳሰሉ ከተሞች ቅርንጫፍ አላቸው፤ የሚቀርብሽን ጠይቂ። ስትሄጂ ያንን ማኅተም ያረፈበትን ቀሪ ያዢ። የወራሽነት ማስረጃውን ግን ኮፒውን ስጪ እንጂ ዋናውን ለማንም እንዳትለቂ።